የሞተር ኩላንት ፍተሻና ቅያሪ፦ ለወሎ ዳገትና ለወሎ ቆላ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና ችግሩ የጀመረው እዚያ ዳገት ላይ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከወራት በፊት ነው፤ ኩላንቱ (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) ጎድሎ ተገኝቶ አንድ ጆግ የቧንቧ ውሃ የተጨመረበት፣ ማንም የት ሄደ ብሎ ያልጠየቀበት ዕለት። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ጆግ ይጨመራል። ከዚያ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሙሉ ሰው ጭኖ ሲወጣ የሙቀት መርፌው ይነሳል፣ ሞተሩ ሂት ያደርጋል (ከልክ በላይ ይሞቃል)፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይቃጠላል።

የማቀዝቀዣው ሲስተም ዝግ ነው። ዝግ ነገር ውስጥ ያለ ኩላንት በራሱ አያልቅም፤ ከጎደለ የሄደበት ቦታ አለ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ይሥሩ። ፍተሻውን ዘልለው ወደ መሙላቱ አይሂዱ።

በመጀመሪያ፦ እጅዎንና ፊትዎን

ሞተሩ ሲሞቅ ኩላንቱ ሳይፈላ የሚቆየው በግፊት ታምቆ ስለሆነ ነው። የራዲያተሩ (ኩላንቱ በአየር የሚቀዘቅዝበት ክፍል) ክዳን ሲላቀቅ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይወርድና ፈሳሹ ወዲያው ፈልቶ ይወነጨፋል። ጨርቅ ደርቦ መያዝ ብቻውን ከዚህ አያድንም።

- ለሙሉ ፍተሻ ሞተሩ ከጠፋ ቢያንስ 3 ሰዓት ይጠብቁ። የሚመረጠው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ ነው።
- የላይኛውን ማኒኮቶ፣ ማለትም ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ አናት የሚሄደውን ወፍራም ጎማ፣ በእጅዎ ይጭመቁ። ጠንክሮ ከመለሰዎት ግፊት አለ፤ ይተዉት።
- ቀዝቅዞ ለስላሳ ከሆነ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይያዙና እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ያዙሩት። የሚተነፍስ ድምፅ ካለ እስኪያልቅ ይጠብቁ። ከዚያ ወደ ታች ተጭነው ያውጡት።
- ኤሌክትሪክ ፋን ያለው መኪና ቁልፉ ጠፍቶም ፋኑ ሊነሳ ይችላል። እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት የፋኑን ሶኬት ወይም የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ።

ኩላንት መርዝ ነው። በውስጡ ያለው ኤትሊን ግላይኮል ስለሚጣፍጥ ልጅም፣ ውሻም፣ ከብትም ይልሰዋል፤ ጥቂቱም ኩላሊትን ያበላሻል። በሃይላንድ ጠርሙስ በፍጹም አያስቀምጡ። የጠጣ ሰው ካለ ምልክት እስኪያሳይ ሳይጠብቁ ወዲያው ሆስፒታል ያድርሱት፤ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ናቸው የሚያድኑት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሬፍራክቶሜትር (ጠብታ ተጨምሮበት በብርሃን የሚነበበው)፣ ካልተገኘ ተንሳፋፊ ኳሶች ያሉት መምጠጫ መለኪያ፤ የኩላንት ፒኤች ወረቀት (አሲድነትን በቀለም የሚያሳይ)፤ ዲጂታል ቴስተር (ቮልት መለኪያ)፤ ካቻቢቴና ፒንሳ፤ ሰፊ ሳፋ፤ ሊትር የተጻፈበት ጆግ፤ ሁለት ንጹሕ ጀሪካን፤ ጓንት፤ የእጅ ባትሪ።

ውሃ፦ የባትሪ ውሃ (ማዕድኑ የወጣለት ንጹሕ ውሃ) ይግዙ። ሲገዙ ጠርሙሱን ደግመው ያንብቡ፤ የባትሪ አሲድም እዚያው መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጥ ስሕተቱ ራዲያተርም እጅም ያቃጥላል። የወንዝና የጉድጓድ ውሃ አይሆንም። የቧንቧውም ቢሆን ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ የሚጋግረውን ነጭ ነገር ይመልከቱ፤ ያው ነጭ ነገር ነው በራዲያተሩ ቀጭን ቱቦዎችና በቴስታታው ውስጥ የሚለጠፈው። አፍልቶ መጠቀም ጀርም ይገድላል እንጂ የውሃውን ማዕድን ሁሉ አያወጣም። የባትሪ ውሃ ከታጣ በክረምት ሜዳ ላይ በንጹሕ ፕላስቲክ ሳፋ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከወንዙ ይሻላል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን ግን ይተዉት።

ከፍታው ለምን እንደሚያሳስብ

ከባሕር ወለል በ300 ሜትር ከፍ ባሉ ቁጥር የውሃ መፍያ ነጥብ ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው ደሴ 92 አካባቢ ነው። ወደ ጋሸና ሲወጡ ደግሞ ወደ 90 ይጠጋል። የአብዛኛው መኪና ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ኩላንቱን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቫልቭ) መከፈት የሚጀምረው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ነው። እንግዲህ ክዳኑ ግፊት የማይዝ፣ ተራ ውሃ የተሞላ መኪና ደሴ ላይ በጤናማ ሙቀቱና በመፍላት መካከል ያለችው ርቀት አንዳንዴ 4 ዲግሪ ብቻ ናት።

0.9 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚይዝ ደህና ክዳን ያንኑ ውሃ ደሴ ላይ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት ሲሆን ሌላ 6 ወይም 7 ዲግሪ ይጨምራል። በዚህ አገር የክዳን ላስቲክ ከብዙ ውድ ዕቃ የሚበልጥ ሥራ ይሠራል። ራዲያተር ከመቀየር በፊት ክዳን መፈተሽ ያለበትም ለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ በቀዝቃዛ ሞተር ማየት

1. መኪናውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ። ደሴ ውስጥ ደልዳላ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ግን ተዳፋት ላይ የተነበበ ልክ ያሳስታል።
2. በማጠራቀሚያው ጠርሙስ ላይ ካሉት ሁለት መስመሮች ኩላንቱ በመካከላቸው መሆኑን ይዩ።
3. ጠርሙሱን አይመኑ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው እስከ አንገቱ መሙላቱን ያረጋግጡ። ጠርሙሱ ሞልቶ ራዲያተሩ ጎድሎ ከተገኘ ክዳኑ ሲቀዘቅዝ መልሶ አይስብም፣ ወይም ወደ ጠርሙሱ የሚሄደው ቀጭን ጎማ ተሰንጥቋል፤ ካልሆነም የሲሊንደር ጋዝ (ነዳጅ ከሚቃጠልበት ክፍል የሚወጣው) ወደ ውሃው እየገባ ነው። በራዲያተሩ ላይ ክዳን የሌላቸው መኪኖች ግፊት የሚይዘው ክዳን ጠርሙሱ ላይ ነው፤ እዚያው ይፈትሹ።
4. በንጹሕ ነጭ ሲኒ ትንሽ ይቅዱና በፀሐይ ይመልከቱ።

በሲኒው ውስጥ የሚያዩት ብዙ ይናገራል። ጥርት ያለ ቀለም ካለው ወደ ደረጃ 2 ይሂዱ። የሸክላ ወይም የዝገት መልክ ካለው መከላከያው አልቆ ብረቱ እየተበላ ነው፤ መለካቱን ትተው ወደ ማፍሰስና ማጠብ ይግቡ። በጣት መካከል እንደ ተመታ አብሽ የሚዝለገለግ ከሆነ ሁለት የማይስማሙ ዓይነቶች ተቀላቅለዋል፤ አንድ ጊዜ ማጠብ አይበቃውም። ማኪያቶ ከመሰለ ዘይት ገብቶበታል። አውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ያለው መኪና ላይ ወደ ሮዝ የሚያደላ ወተት ካዩ የካምቢዮው ዘይት ማቀዝቀዣ (ብዙ ጊዜ በራዲያተሩ ውስጥ ነው ያለው) ተበስቷል። መኪናውን አያንቀሳቅሱት፤ ውሃ የገባበት ካምቢዮ ቶሎ ይሞታል።

አንድ ጥንቃቄ፦ በደሴ ወይም በኩታበር ብርድ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና የሞተር ዘይት መሙያው ክዳን ሥር ስስ ነጭ ክሬም ሊይዝ ይችላል። እርጥበት ነው። የዘይት መለኪያ ዘንጉ ንጹሕ ከሆነና ኩላንቱ ካልጎደለ ጓርኒሲዮን ነው ብለው ሞተር አያስፈቱ።

ቀለም ደረጃ አይደለም። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ እያንዳንዱ አምራች የመረጠው ማቅለሚያ ነው። «አረንጓዴ ነበር፣ አረንጓዴ ጨመርኩ» ማለት ትክክለኛውን ጨመርኩ ማለት አይሆንም። በጠርሙሱ ጀርባ የተጻፈውን ዓይነትና የመኪናውን መመሪያ ያስተያዩ።

ደረጃ 2፦ ክዳኑ

1. አናቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያንብቡ። 0.9 ወይም 1.1 ሊል ይችላል፤ በአንዳንዱ 13 ወይም 16 ይላል፣ ይኸውም በሌላ መስፈሪያ ወደ 0.9 እና 1.1 ባር ማለት ነው። የመኪናው መመሪያ ከሚለው የተለየ ክዳን አይግጠሙ። ከፍ ያለ ቁጥር የተሻለ አይደለም፤ ደካማውን ማኒኮቶ ወይም የራዲያተሩን ፕላስቲክ ጫፍ ያፈነዳል።
2. የታችኛውን ላስቲክ በጣትዎ ይዳስሱ። ደርቆ የተሰነጠቀ፣ የአንገቱ ቅርጽ በጥልቀት የታተመበት ከሆነ ይቀይሩ።
3. መሃል ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በጥፍርዎ ሳብ አድርገው ይልቀቁ። ተመልሳ መግጠም አለባት። ካልተመለሰች ክዳኑ ግፊት አይዝም፤ ተጣብቃ ካልተከፈተች ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ማኒኮቶው ተጨምቆ ይጠፈጠፋል።
4. ክዳኑ የሚቀመጥበትን የራዲያተር አንገት ይጥረጉ። የተጣመመ አንገት አዲስ ክዳንም አይጠቅመውም።

ጋራዥ ውስጥ የግፊት መሞከሪያ ፖምፓ ካለ ክዳኑን ለብቻው ያስሞክሩ፤ የተጻፈበት ቁጥር አካባቢ ሳይደርስ ከለቀቀ ያስወግዱት።

ደረጃ 3፦ የኩላንቱን መጠን መለካት

በሬፍራክቶሜትር፦

1. መስታወቱን ይጥረጉ፣ 2 ወይም 3 ጠብታ የባትሪ ውሃ ያድርጉ፣ ሽፋኑን ይመልሱ። የአየር አረፋ መግባት የለበትም።
2. ግማሽ ደቂቃ ጠብቀው ወደ ብርሃን ዞረው ይዩ። የሰማያዊና የነጩ ድንበር 0 ላይ ካልሆነ በላይ ባለችው ብሎን ያስተካክሉ። ይህን የዘለለ ሰው ቀጥሎ የሚያነበው ሁሉ ስሕተት ነው።
3. አድርቀው ኩላንቱን ያድርጉ።
4. ከዓምዶቹ የኤትሊን ግላይኮሉን ያንብቡ። ብዙ ሰው የፕሮፒሊኑን ወይም የባትሪውን ዓምድ እያነበበ ይሳሳታል።

ድንበሩ ከዜሮ በታች 37 ላይ ከሆነ ግማሽ በግማሽ ነው፤ 24 ላይ 40 በመቶ፣ 16 ላይ 30 በመቶ ገደማ። ወደ 0 የተጠጋ ከሆነ ውሃ ነው የሞሉት።

ጉጉፍቱ፣ ደላንታ፣ ዋድላ በመሳሰሉት ደጋዎች ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ስለሚወርድ ውጭ ያደረ ውሃ በረዶ ሠርቶ ራዲያተር ሊሰነጥቅ ይችላል። ቆቦና ባቲ የሚሠራ ሹፌር «እኔን በረዶ አያገኘኝም» ብሎ ውሃ መሙላት የለበትም፤ ዝገት መከላከያውና የፖምፓው ማለስለሻ የሚመጣው ከኩላንቱ ጋር ነው። ለደጋውም ለቆላውም ከ40 እስከ 50 በመቶ ይያዙ። ከ33 በመቶ በታች መከላከያው ይሳሳል። ከ60 በመቶ በላይ ደግሞ ፈሳሹ ሙቀት መሸከም ስለሚያቅተው ወፍራም ኩላንት የሞላ መኪና ዳገት ላይ ይብስበታል።

ቀጥኖ ከተገኘ ሂሳቡ ይህ ነው፦ ከ50 ላይ አሁን ያለውን በመቶ ይቀንሱ፤ ውጤቱን አሁን ያለው ከ100 ተቀንሶ በሚቀረው ያካፍሉ፤ በሲስተሙ ጠቅላላ ሊትር ያባዙ። ለምሳሌ 8 ሊትር የሚይዝ መኪና 30 በመቶ ቢገኝ 20 ለ70 ሲካፈል፣ በ8 ሲባዛ ወደ 2.3 ሊትር ይሆናል። 2.3 ሊትር አፍስሰው ያንኑ ያህል ያልተቀላቀለ ኩላንት ይጨምሩ፣ መኪናውን አንድ ቀን ነድተው ደግመው ይለኩ።

ኳስ ባለው መምጠጫ የሚለኩ ከሆነ ኳሶቹ በነጻነት እስኪንሳፈፉ ይምጠጡና የተለጠፈባቸውን አረፋ በጣት መታ መታ አድርገው ያራግፉ። አረፋ የያዘች ኳስ ቀጭኑን ኩላንት ወፍራም ታስመስላለች።

ደረጃ 4፦ አሲድ መሆኑንና ኤሌክትሪክ መያዙን መፈተሽ

ልኩ 50 በመቶ ሆኖም መከላከያው ያለቀ ኩላንት አለ። ግላይኮሉ አያልቅም፤ ዝገት የሚከላከለው ቅመም ነው የሚያልቀው። በዚህ ደረጃ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው።

የፒኤች ወረቀቱን ነክረው ወዲያው ያውጡ፣ እሽጉ ላይ የተጻፈውን ሰከንድ ይጠብቁ፣ ቀለሙን በቀን ብርሃን ያስተያዩ። ከ7 በታች ከሆነ ቀናት አይስጡት፤ ይቀይሩ። የተለመደው አረንጓዴ ዓይነት ከ7.5 በላይ መሆን ይገባዋል።

ቀጥሎ ቴስተሩን በዲሲ ቮልት ያድርጉ። ጥቁሩን ሽቦ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ያስይዙ፤ ቀዩን ኩላንቱ ውስጥ ብረት ሳይነካ ይንከሩ።

- ሞተሩ ጠፍቶ እስከ 0.3 ቮልት፦ ደህና።
- ጠፍቶም ከ0.5 በላይ፦ ኩላንቱ እንደ ባትሪ እየሠራ ነው፤ አሉሚኒየሙን ይበላል። ይቀይሩ።
- ሲጠፋ ዝቅተኛ ሆኖ ሞተሩ ተነሥቶ መብራት፣ ፋንና ንፋስ ማውጫ ሲበሩ ከፍ ካለ፦ አንድ ዕቃ ኔጋቲቩን በኩላንቱ በኩል እየመለሰ ነው። አንድ በአንድ ያጥፉ፤ ቮልቱ የወረደበት ዕቃ ጥፋተኛው ነው። የሞተሩን ኔጋቲቭ ገመድ ፈትተው በአሸዋ ወረቀት ያጽዱና ያጥብቁ። ይህ ሳይስተካከል የተቀየረ ራዲያተር በጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና ይበሳል።

ካሚቻው (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) በቀጥታ በውሃ የሚከበብ ትልቅ የናፍጣ ሞተር የሚነዱ ከሆነ ለከባድ ናፍጣ የተሠራ ኩላንት ብቻ ይጠቀሙ። የካሚቻው ንዝረት በውጩ በኩል ጥቃቅን አረፋ እየሠራ ብረቱን እንደ ወንፊት ይበሳዋል፤ ይህን የሚከላከለው ቅመም በተራው የቤት መኪና ኩላንት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የለም።

ደረጃ 5፦ የጎደለው የት ሄደ?

1. የማኒኮቶዎቹን ጫፍና ፋሸታዎቹን (ማጥበቂያ ቀለበቶቹን) ይዩ። ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቅርፊት የደረቀ ኩላንት ነው። ማኒኮቶውን ሲጭመቁት የሚንኮሻኮሽ ወይም እንደ ሊጥ የላላ ከሆነ ይቀየር።
2. ከውሃ ፖምፓው ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በባትሪ ያብሩባት። ከእሷ የሚንጠባጠብ ካለ የፖምፓው ማሸጊያ (ሲል) አልቋል። ቀዳዳዋን በማስቲሽ የሚደፍኑ አሉ፤ ውሃው ወደ ኩሽኔታው (ዘንጉ ወደሚዞርበት ቀለበት) ይገባና ፖምፓው መንገድ ላይ ይነክሳል (መዞር ያቆማል)፣ የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋውም፣ ይበጠሳል።
3. በመኪናው ውስጥ ጣፋጭ ሽታ፣ በመስታወቱ ላይ ቅባት ያለው ጉም፣ ከፊተኛው ተሳፋሪ እግር ሥር የረጠበ ምንጣፍ ካለ የሚያፈሰው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው።
4. የግፊት ፖምፓ ካገኙ በክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ቁጥር ብቻ ይንፉና 15 ደቂቃ ይጠብቁ። መርፌው ወርዶ ውጭ ምንም ካልታየ ፍሳሹ ወደ ውስጥ ነው።
5. ለዚያ ጥርጣሬ፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ ክዳኑ እንደተከፈተ ያስነሱ። በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ሳያቋርጥ የሚወጣ አረፋ፣ ነዳጅ ሲሰጡ የሚብስ፣ የሲሊንደር ጋዝ ነው። ጋራዡ ሰማያዊ መፈተሻ ፈሳሽ ካለው በራዲያተሩ አንገት ላይ ያስሞክሩ፤ ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከዞረ ጓርኒሲዮን ወይም ቴስታታ ነው።

ሳይጎድል ሂት የሚያደርግ ከሆነ የራዲያተሩን ፊት ይዩ። በአቧራ፣ በነፍሳትና በጭድ ብናኝ የታፈነ ክንፍ አየር አያሳልፍም። በቀስታ በሚወርድ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ያጥቡ፤ የመኪና እጥበት ጠንካራ ግፊት ክንፉን ያጥፈዋል።

ደረጃ 6፦ ማፍሰስና ማጠብ

1. ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ ሙሉ ሙቅ ላይ ያድርጉ፤ አለበለዚያ በአንዳንድ መኪኖች የማሞቂያው አሮጌ ኩላንት ተዘግቶ ይቀራል።
2. ሳፋውን ያስቀምጡ፣ የራዲያተሩን ማፍሰሻ ይክፈቱ፣ ከዚያ የላይኛውን ክዳን። ማፍሰሻው ፕላስቲክ ከሆነ በፒንሳ አይታገሉት፤ ከተሰበረ ራዲያተሩም አብሮ ይሄዳል። እምቢ ካለ የታችኛውን ማኒኮቶ ይፍቱ።
3. የወጣውን በጆግ ይለኩና ይጻፉት። ይህ ቁጥር በኋላ ይፈለጋል።
4. የማጠራቀሚያውን ጠርሙስ አውጥተው ለብቻው ይጠቡ። ዝቃጩ እዚያ ነው የሚተኛው።
5. ማፍሰሻውን ዘግተው ንጹሕ ውሃ ይሙሉ፣ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ያስነሱ፣ ያጥፉ፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ ያፍስሱ። የሚወጣው እስኪጠራ ይድገሙ። ለዚህ ማጠቢያ የቧንቧ ውሃ ይበቃል፤ የመጨረሻውን ዙር ግን በባትሪ ውሃ ያድርጉ።

በኦሞ፣ በኮምጣጤ ወይም በለስላሳ መጠጥ አይጠቡ። ኦሞ አረፋው አይለቅም፤ ኮምጣጤና ለስላሳ አሲድ ናቸው፣ አሉሚኒየም ላይ ይሠራሉ። በዘይት የተበከለ ሲስተም ከሆነ ለራዲያተር የተሠራ ማጠቢያ ይግዙ።

ትኩስ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በጭራሽ አይሙሉ። ቴስታታ የሚሰነጠቀው እንዲህ ነው።

ደረጃ 7፦ መሙላትና አየር ማስወጣት

ሥራው በአብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከታጠበ በኋላ በሞተሩ ውስጥ ወጥቶ የማያልቅ ውሃ ይቀራል። ግማሽ በግማሽ ቀላቅሎ የሚሞላ ሰው ከዚያ ቀሪ ውሃ ጋር ሲደመር 35 በመቶ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ፦

1. ከመመሪያው የሲስተሙን ጠቅላላ ሊትር ይዩ። ለ8 ሊትር ሲስተም በመጀመሪያ 4 ሊትር ያልተቀላቀለ ኩላንት ያስገቡ፣ ቀሪውን በባትሪ ውሃ ይሙሉ። «ዝግጁ ድብልቅ» የሚል ጠርሙስ ከሆነ ምንም ውሃ አይጨምሩበት፤ ያን ጊዜ ቀሪው ውሃ በደንብ መንጠፍጠፍ አለበት።
2. የመኪናው አፍንጫ ወደ ላይ እንዲሆን ዳገት ላይ ያቁሙት፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ያድርጉ። አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ የራዲያተሩ አንገት ከሁሉ በላይ ይሁን። ሞተሩ ከወንበር ሥር በሆነ ሚኒባስ ላይ ይህ ግድ ነው።
3. ቀስ ብለው ይሙሉ። የአየር ማስወጫ ብሎን ካለ ከፍተው አረፋ የሌለው ኩላንት ሲወጣ ይዝጉት። የላይኛውንና የታችኛውን ማኒኮቶ ጨመቅ ለቀቅ ያድርጉ፤ ብልቅ ብልቅ እያለ ይወርዳል፣ ደግመው ይሙሉ።
4. ክዳኑ እንደተከፈተ፣ ማሞቂያው ሙቅ ላይ፣ ሞተሩን ያስነሱ። የላይኛው ማኒኮቶ ቀዝቃዛ ቆይቶ በድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል፤ የራዲያተሩም ልክ ዝቅ ይላል። ይሙሉና ክዳኑን ይዝጉ። ከአንገቱ መገንፈል ከጀመረ ሳይጠብቁ ያጥፉ።
5. ማሞቂያው የሚሰጠው አየር ሙቅ መሆኑን በእጅዎ ያረጋግጡ። መርፌው ከፍ ብሎ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከሰጠ አየር ታፍኗል ወይም ኩላንት ጎድሏል።
6. ጠርሙሱን እስከ ላይኛው መስመር ይሙሉ። ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር በደልዳላ መንገድ ይንዱ፤ የመጀመሪያ ሙከራዎ ሐረጎ አይሁን። በማግስቱ ጠዋት ከፍተው ይሙሉ።
7. የገባው ከወጣው ጋር ይነጻጸር። 7 ሊትር ወጥቶ 5 ብቻ ከገባ አየር ውስጥ አለ።

ቴርሞስታት በድስት ሲፈተሽ

ቴርሞስታቱን በክር አስረው ድስቱን ሳይነካ ውሃ ውስጥ ያንጠልጥሉ፣ ቴርሞሜትር ይጨምሩ፣ ያፍሉ። የተቀረጸበት ቁጥር፣ ለምሳሌ 82፣ መከፈት የሚጀምርበት ነው፤ ሙሉ ለመከፈት ከ10 ዲግሪ በላይ ተጨማሪ ይፈልጋል። ደሴ ላይ ደግሞ ውሃው 92 ላይ ፈልቶ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ 88 የተጻፈበት ቴርሞስታት በደሴ ድስት ውስጥ የጥፍር ያህል ብቻ ከፈት ቢል ተበላሽቷል አይባልም። ፈጽሞ ካልተነቃነቀ፣ ወይም በቀዝቃዛው ተከፍቶ ከተገኘ ግን ይቀይሩት።

አውጥተው ጥለው ያለ ቴርሞስታት አይንዱ። በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ከሌለ ከፊሉ ኩላንት ራዲያተሩን ሳያይ ይዞራል፤ ዳገት ላይ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ እየሄደ ነዳጅ ይበላል።

መንገድ ላይ መርፌው ሲነሳ

1. ኤሲውን ያጥፉ፣ ማሞቂያውን ሙሉ ሙቅ ላይ ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ። ተሳፋሪ ያጉረመርማል፤ ይንገሩት፣ ይረዳል።
2. ማርሽ ይቀንሱ። በከባድ ማርሽ ዳገት መግፋት ፖምፓውንና ፋኑን ያዘገያል።
3. መርፌው ካልወረደ ከመንገድ ወጥተው ይቁሙ። እንፋሎት ከሌለና ቺንጋው ካልተበጠሰ 2 ደቂቃ ያህል በዝግታ ያሠሩት። እንፋሎት ካለ ወይም መርፌው አሁንም ከወጣ ወዲያው ያጥፉ።
4. ኮፈኑን ይክፈቱ፤ ክዳኑን አይንኩ። ቢያንስ 45 ደቂቃ ይጠብቁ። ረዳቱ ከወንዝ በባሊ ውሃ ቢያመጣም ሞተሩ ላይ አይድፉ።
5. ከቀዘቀዘ በኋላ ሌላ ከሌለ የታሸገ ውሃ ይሙሉ፣ በዝግታ ወደ ጋራዥ ይሂዱ። የተጨመረውን ሊትር ይጻፉ፤ ስንት እንደቀጠነ የሚያውቁት በእሱ ነው።

ኩላንት ሲገዙ

ቀለም የተነከረ ውሃ በኩላንት ስም ይሸጣል። በሬፍራክቶሜትር ይለኩት። መሣሪያው ከሌለ ግማሽ ብርጭቆ ያህል በሚዘጋ ጠርሙስ አድርገው፣ በፌስታል ጠቅልለው፣ ከምግብ ለይተው በፍሪዘር ያሳድሩት። ትክክለኛ ግማሽ በግማሽ ድብልቅ በቤት ፍሪዘር አይጠጥርም፤ ቀለም የተነከረ ውሃ ድንጋይ ሆኖ ያድራል። ያልተቀላቀለውን እንዳለ አይሞክሩ፤ ንጹሕ ግላይኮል ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ አካባቢ ስለሚረጋ ደህናውን የተበላሸ ያስመስላል። በእኩል የባትሪ ውሃ ቀላቅለው ያሳድሩ። የሞከሩበት ጠርሙስ ተመልሶ ለመጠጥ አይዋል።

መቼ መቼ

ልኩን በየሳምንቱ ጠዋት፤ ወደ ሚሌ ከመውረድና ወደ ላሊበላ ከመውጣት በፊት ደግሞ ሁልጊዜ። ሬፍራክቶሜትርና ፒኤች በዓመት ሁለት ጊዜ፦ ክረምቱ ሲወጣና ፋሲካ አካባቢ። የተለመደው አረንጓዴ በ2 ዓመት ወይም በ40,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ረጅም ዕድሜ የተባለው ዓይነት እስከ 5 ዓመት ይሄዳል፤ በመካከል ተራ ውሃ ወይም ሌላ ዓይነት ከተጨመረበት ግን ያ ዕድሜ ቀረ፣ እንደ ተራው ይቁጠሩት።

የወጣውን አሮጌ ኩላንት ቦይ ውስጥ ወይም ከብት በሚውልበት ሣር ላይ አይድፉ። ጀሪካን ውስጥ ይክተቱ፣ «መርዝ» ብለው በትልቁ ይጻፉ፣ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ለብቻው፣ ከዘይቱ ሳይቀላቀል ያስረክቡ። መሬት ላይ የፈሰሰውን አሸዋ ወይም አመድ አልብሰው ይጥረጉና ቦታውን በብዙ ውሃ ያጥቡ።